ዜሮ የማያውቀው ስክሪን

አቶ አራጋው የሞቱት እየሳቁ ነበር። ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ ኮምቦልቻ ከሚገኘው የክር ማቅለሚያ ቤታቸው ስትደርስ፣ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ፣ የማቅለሚያው ታንከር ክዳን ወደ ኋላ ተገንጥሎ አገኘችው። ታምቆ የቆየው እንፋሎት ፊታቸውን ነበር ያገኘው።

የሳቃቸውን ነገር ያጫወቷት ታንከሩን የሚያሠሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ በላቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ስክሪኑ ላይ፣ በእኔ በሠራተኛው ገጽ፣ ግፊቱ ገና አልወረደም ነበር። ‹ይቆዩ› ብላቸው፣ ‹የማሽኑን ነገር ለማሽኑ ተወው› አሉኝ። ቁልፋቸውን አስገቡና ስክሪኑን አይተው፣ ‹ይኸው፣ በመጨረሻ ዜሮ ማለት ተማረ› ብለው ሳቁ። ከዚያ ከፈቱት።»

ካቻምና እንድሪስ የሚባል ወጣት ሠራተኛ በዚሁ ክዳን ከሞተ ወዲህ፣ አቶ አራጋው ቁልፉን ለማንም አይሰጡም ነበር። ቁልፉ ሲገባ የባለቤቱ ገጽ ይበራል፤ ያንን ገጽ ከሳቸው በቀር የሚጠቀምበት የለም።

ፀሐይነሽ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ግፊት» የሚል ቃል ይነበባል፤ ከፊቱ ግን ምንም የለም። ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀች።

«ኧረ ደህና ነው» አሉ ጋሽ በላቸው። «አሁን ታንከሩ ባዶ አይደል? ሀፊዝ ‹ባዶ ካያችሁ ዜሮ ነው› ብሎ አስለምዶናል።»

ሀፊዝ የማቅለሚያ ቤቱ መሐንዲስ ነው። አዲሱን ፕሮግራም በዋዜማው የጫነው እሱ ስለሆነ ታስሯል፤ በማግስቱ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ጣቢያ ስታገኘው ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «ወላሂ፣ ጫንኩት እንጂ አልነካሁትም» አላት። ጋሽ በላቸው ስለዚህ መሐላ ቀድመው ነግረዋታል። እንድሪስ ሲሞት ሀፊዝ ‹ወላሂ፣ ልጁ አረቄ አረቄ ሸትቶኛል› ብሎ መስክሮ ነበር። የተሰበረውን የግፊት መለኪያ ያላስቀየሩት አቶ አራጋው በዚህ ቃል ነጻ ወጡ። አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ልጅ ግን ሰካራም ተብሎ ተቀበረ።

ፕሮግራሙን የጻፈችው እስከዳር፣ ደሴ ከተማ ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ትሠራለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ንግግሯ የተመጠነ ወጣት ናት። የማሽኑ ቺፕ ትንሽ ስለሆነች በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ዝግጁ ሆኖ የሚመጣውን፣ ስክሪን ላይ ጽሑፍና ቁጥር የሚያወጣውን የማተሚያ ፋንክሽን መሸከም አልቻለችም፤ ስለዚህ የራሷን ሠራች።

«ጽሑፉን ፊደል በፊደል ይሄድበታል» አለች። «ተራ ፊደል ከሆነ እንዳለ ያሳልፈዋል። የቁጥር ቦታ የሚያመለክተውን የፐርሰንት ምልክት ሲያገኝ ቁጥሩን ይወስድና፣ ቁጥሩ እስኪያልቅ ድረስ ለአስር እያካፈለ ቀሪዎቹን ይሰበስባል። የኋለኛው አሃዝ ቀድሞ ስለሚመጣ ገልብጦ ያትማቸዋል።»

ከዚያ ሳትጠየቅ አንዲት መስመር በጣቷ አሳየች። መስመሯ በባለቤቱ ገጽ ላይ ቁጥሩን ትታ፣ ዜሮን እንደ ተራ ፊደል ታትማለች። «ይቺን የጨመርኩት እኔ አይደለሁም። ፋይሉ ሀፊዝም ጋ አለ» አለች።

«ማሽኑን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እሱ ይገጥማል፤ እኔ እጽፋለሁ። ኮምቦልቻ ወርጄ አላውቅም።»

ፀሐይነሽ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለሷ በፊት የእንድሪስ ቤተሰብ ወደሚኖርበት ኩታበር ደርሳ መጣች። በነጋታው ማለዳ ሦስቱንም ታንከሩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሀፊዝ በካቴና ነበር።

«እስከዳር፣ ታንከሩ ባዶ ሲሆን ስክሪኑ ምን ይላል?»

«ዜሮ ነዋ።»

ሀፊዝ ቀና ብሎ አያት። ጋሽ በላቸው ሳይጠየቁ ስክሪኑን አበሩት። «ግፊት» ይላል፤ ከፊቱ ባዶ ነው።

«ፋንክሽንሽ ቁጥሩ እስኪያልቅ ያካፍላል አልሽኝ» አለች ፀሐይነሽ። «ዜሮ ግን ገና ሲጀመር ያለቀ ቁጥር ነው። የሚካፈል የለም፤ የሚታተምም የለም። ሀፊዝ ይህን ያውቅ ነበር፤ አንቺን ከመጠየቅ ይልቅ ሠራተኞቹን አስለመደ። እሱ መዋሸት ቢፈልግ ባዶ ያደርገው ነበር። ዜሮ ብሎ የጻፈው ይህን ስክሪን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። እናትሽን ኩታበር አግኝቻቸዋለሁ። ‹የቀረችኝ ደሴ በኮምፒውተር የምትሠራ ልጅ ናት› አሉኝ።»

እስከዳር ባዶውን ስክሪን ጠጋ ብላ አየችው።

«እንድሪስና እኔ በእናት አንድ ነን» አለች። «በአባት፣ በሃይማኖት እንለያይ እንጂ ያደግነው ባንድ ጣሪያ ነው። እናቴ ከቀብሩ ጀምሮ ገበያ አትወጣም። ለሠራተኞቹ ስክሪኑ እውነቱን እንዲናገር ተጠንቅቄ ነበር። የዋሸው ለእሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ በላቸው የተጠቀለለ እጃቸውን ተመለከቱ። «እንፋሎቱ ግን ገጽ አይመርጥም፣ ልጄ።»

አንገቷን ደፋች።

«ሀፊዝስ?» አለች ፀሐይነሽ።

«በገዛ እጁ እንዲጭነው ፈለግሁ። ወላሂ ሲል ማንም እንዳያምነው።»

ፀሐይነሽ ካቴናውን ከሀፊዝ እጅ ፈታች። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አረቄ አልሸተተኝም ነበር» አለ፤ ድምፁ በጭንቅ ይሰማል። «አቶ አራጋው ናቸው በል ያሉኝ።»

እስከዳር ለካቴናው እጆቿን ዘረጋች።

«ጮክ ብለህ ድገመው» አለችው።

ደገመው።