ከፎቅ የወረደው ውሃ

«‹በሩ ክፍት ነበር› ብለሽ ጻፊ» አላት አጎቷ።

ሚጡ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ዝግ ነበር እኮ ጋሼ።»

«ዝግ ከነበረ ቧንቧው ሲፈስ በምን ዓይንሽ አየሽው?»

«አላየሁትም። ሰማሁት።»

አጎቷ የሰው ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። አቤቱታ አጻጻፍ ላይ የሚደርስበት የለም፤ ይህን የሚለው ግን ራሱ ነው። ሰኞ ትንንሽ ክሶችን የሚያየው ችሎት ስለሚቀመጥ የምስክሯን ቃል ሊያጽፍ መጥቷል። ምስክሯ አንድ ብቻ ናት፦ የከሳሿ ልጅ ሚጡ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ።

በሰፈሩ ውሃ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ ይተዋል፤ ሲመጣ በድምፁ ለማወቅ። ፎቅ ላይ ያለችው ፀጉር ሠሪም እንደዚያው አደረገች፤ ከዚያ ቆልፋ ወጣች። ውሃው የመጣው እሷ በሌለችበት ነበር። ገንዳውን ሞልቶ፣ ወለሉን አጥለቅልቆ፣ በኮርኒሱ ስንጥቅ ሾልኮ የሚጡ እናት ለሚዜዎች ቀሚስ ልትቆርጠው በዘረጋችው ሳቲን ላይ ወረደ። እድፉ አልለቅም አለ። የሙሽራዋ ቤተሰቦች ሥራውን ለሌላ ልብስ ሰፊ ሰጡ፤ እናቷ ደግሞ ጨርቁን ከኪሷ ተካች።

ፀጉር ሠሪዋስ? ዓይኗን በጨው አጥባ «ቧንቧው ፈንድቶ ነው፤ አከራዩን ጠይቁ» አለች። ሚጡ የሰማችውን ስትናገር ደግሞ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ደንበኞቿ እየሰሙ፣ «ይቺ ልጅሽ ውሸታም ናት!» ብላ በእናቷ ላይ ጮኸች። ሚጡ ያን ቀን የዋጠችው ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

«ስሚኝ» አለ አጎቷ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ። «ዳኛ የሚፈልገው በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ክፍት በር፣ ክፍት ቧንቧ፣ አለቀ!»

«ውሸት ነዋ!»

«ምኑ ነው ውሸቱ? ከፍታው ሄዳለች ወይስ አልሄደችም?»

«ሄዳለች።»

«እንግዲያ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ችሎቱ ግን እስኪጠራ ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም። ትንሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ።»

ሚጡ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ጥግ ላይ ቆማ እድፍ ያልነካውን የሳቲን ቁራጭ ትተኩሳለች፤ ለገበር እንኳ ይሆነኛል ብላ።

«እማዬ፣ አንቺስ?»

«እኔ ደክሞኛል ሚጡዬ። ያቺ ሴት ስቃብኝ ስትወጣ ማየት አልፈልግም» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

ይሄ ከሁሉም በላይ አናደዳት። እውነቱ በእጃቸው እያለ ለምን ውሸት ይበደራሉ? ቢሆንም የእናቷን ጎንበስ ያለ ትከሻ አየችና ጻፈች። «በሩ ክፍት ነበር። ስገባ ቧንቧው…»

እጇ ቆመ። ሰኞ ፀጉር ሠሪዋ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች። ያን በር በገዛ እጇ እንደቆለፈችው ታውቃለች። ይሄ ቃል ሲነበብ ትሰማለች፤ እንደገና «ልጅቷ ውሸታም ናት» ትላለች። በዚያን ጊዜ ግን እውነቷን ይሆናል።

«አቦ፣ አልጽፍም!» ሚጡ ወረቀቱን ጨመደደችው።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«ሴትዮዋ ሰው ፊት ውሸታም ብላኛለች። አንተ ደግሞ ማስረጃ እያዘጋጀህላት ነው!»

«በሰማሽው ብቻ ምን ታመጫለሽ?» አለ አጎቷ።

«መች ምን እንደሰማሁ ጠየቅኸኝ? ወደ ፎቅ ሮጬ በሩን ደበደብኩ። ውሃው በበሩ ሥር እየወጣ ጫማዬን አረጠበው። ከዚያ እሷ ቁልፏን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ከፍታ ገባችና በሩን አፍንጫዬ ላይ ዘጋችው። ወዲያው ቧንቧው ሲጥ፣ ሲጥ አለና ድምፁ ጠፋ። የፈነዳ ቧንቧ ሲያሽከረክሩት ይዘጋል?»

«ይሄን አልነገርሽኝም» አለች እናቷ።

«ነግሬሻለሁ። ጨርቁን እየጨመቅሽ ነበር።»

እናቷ ካውያውን አቆመችው። «ባይበቃስ?»

«አላውቅም እማዬ» አለች ሚጡ። እውነትም አታውቅም ነበር።

እናቷ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ጨርቅ ሰብስባ ለልጇ ቦታ ለቀቀችላት።

«ተዋት ወንድሜ» አለች። «ላም ባልዋለበት ኩበት አናስለቅማት።»

ሚጡ አዲስ ወረቀት አወጣች። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ፊደሎቹ ጎበጥ ጎበጥ አሉባት። ቢሆንም የመጀመሪያው መስመር በደንብ ይነበባል።

«በሩ ተቆልፎ ነበር።»