የውሾቹ ድስት

በ2001 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ረቡዕ ጠዋት፣ ከሀዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የእንስሳት መጠለያ ግቢ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። የመጠለያው ኃላፊ አቶ መክብብ ቢሮአቸው ውስጥ ነበሩ። ምግብ አብሳይዋ አስካለ ጓዳ ነበረች። ዓሣ ሻጯ ሙንተሃ ከአሞራ ገደል የዓሣ ጭንቅላት በባጃጅ ጭና መጥታ እያራገፈች ነበር። አራተኛው ሰው፣ የውሾቹ ጠባቂ አባባ ባህሩ፣ ከዋርካው ሥር ከትልቁ ድስት አጠገብ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ስትደርስ ውሾቹ ከሽቦው ጀርባ ይጮኹ ነበር። ብዙዎቹ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። አንዷ እግሯ በሽቦ ተቆርጦ ቁስሉን ዝንብ ወሮታል። ጸሐይወርቅ ዓይኗን ከእነርሱ ነቅላ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። የሽማግሌው ቀኝ መዳፍ ላይ የደረቀ ገንፎ ተጣብቋል። ድስቱ ግን ሙሉ ነው፤ ለውሾቹ ምንም አልተቀዳም። ከድስቱ ዳር የፈሰሰውን የለቀመ ቁራ እዚያው ሞቶ ወድቋል።

«ይህን ድስት እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «የበቆሎ ዱቄት በዓሣ ጭንቅላት መረቅ ነው። ሁልጊዜ አብስዬ እንዲቀዘቅዝ ከዚህ ዛፍ ሥር አኖረዋለሁ። ከዚያ አባባ መጥተው ያድላሉ።»

«መዳፋቸው ላይ ያለውስ?»

«ይቀምሱ ነበር።»

«የውሻ ምግብ?»

«አዎ፣ የውሻ ምግብ! ያደጉት ባላባት ቤት ነው። እዚያ ጠጅ የሚቀዳ አሽከር መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አይሰጥም። "እነዚህስ ቢመርዟቸው ለማን ይናገራሉ? ማን ይቅመስላቸው?" ይሉኝ ነበር።»

ሙንተሃ በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «እኔማ "አባባ፣ ጨው በዛበት እንዴ?" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። "ዝም በይ፤ ሁልጊዜ ጭንቅላት ብቻ ታመጫለሽ፣ ገላውን ማን በላው?" ይሉኛል።»

በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ በበሩ ገባ። ኩማ ይባላል፤ ለታመሙት ውሾች መድኃኒት የሚሰጠው፣ ዱቄትም የሚያመላልሰው እርሱ ነው። ሬሳውን ሲያይ ጆንያው ከትከሻው ወደቀ።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ከድስቱ ቀምሰው ነው የሞቱት» አለች ጸሐይወርቅ።

«አይሆንም! ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ!»

ጸሐይወርቅ ዞር ብላ አየችው። ኩማ በሽማግሌው እግር ሥር ተንበርክኮ በሲዳምኛ አንድ ነገር ደጋግሞ ተናገረ።

የአቶ መክብብ ቢሮ ንጹሕ ነበር። ግድግዳው ላይ የወፈሩ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ ውሾች ፎቶ ተሰቅሏል። ጸሐይወርቅ ከእነዚያ ውስጥ አንዱንም ግቢው ውስጥ አላየችም።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ለስለስ ተደርጎ ቢያዝ ደስ ይለኛል» አሉ አቶ መክብብ። «ቅዳሜ ለጋሾች ይመጣሉ። መጠለያው የሚኖረው በእነርሱ ነው።»

«ለጋሾቹ ውሾቹን እንዲህ ከስተው ያዩአቸዋል?»

«ሰው ከየመንገዱ እየሰበሰበ ያመጣብናል። እኛ ከያዝነው ቦታ በላይ ሆነዋል። ባህሩ ደግሞ አንዱንም አልመልስም ይሉ ነበር።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ከባህሩ ጋር ማን ይጣላል? እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ውሻ ይዳብሳሉ።»

«ግቢው ውስጥ መርዝ ይቀመጣል?»

«መጠለያ ውስጥ መርዝ?» አሉና ሣቁ። ሣቁን የተጋራቸው ግን አልነበረም።

ጸሐይወርቅ ወደ ጓዳ ስትመለስ አስካለ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እህቴ፣ እንዳታስፈጂኝ፤ ልጆች አሉኝ። እሁድ ዕለት ኩማ መድኃኒት የሚያስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት አይቻለሁ። ጋሼ መክብብን ስጠይቃቸው "የአይጥ ነው፣ እንዳትነኪው" አሉኝ። ሰኞም ነበር፣ ትናንትም ነበር። አሁን ግን የለም።»

«ድስቱን ካወጣሽ በኋላ ወደ ዛፉ የሄደ ሰው አይተሻል?»

«ሁሉም በዚያ ነው የሚያልፈው። ጋሼ መክብብ ቢሮ ሲገቡ፣ ኩማ ወፍጮ ቤት ሲሄድ፣ ሙንተሃ ስትመጣ።»

ሙንተሃ ባዶ ቅርጫቷ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጸሐይወርቅ አጠገቧ ቆመች።

«ገበያ እንዴት ነው?»

«ተዪኝ እባክሽ፣ ሞቷል! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ማን ዓሣ ይገዛል? ክርስቲያኑ ሁሉ ሥጋ ቤት ተሰልፏል። እኔ ሙስሊሟ የእናንተን ጾም ከእናንተ ይልቅ እቆጥራለሁ።»

«አባባ በጾም ቀን ይቀምሱ ነበር?»

«ወይ! "ዓሣ እኮ ይበላል" ስላቸው "ዓሣም ነፍስ አለው" ይሉኛል። በጾም ቀን ሳይቀምሱ ነበር የሚያድሉት፤ ከማደላቸው በፊት ግን ውሾቹን ይቅርታ ይጠይቁ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ፣ ጸሐይወርቅ አቶ መክብብን፣ አስካለን፣ ሙንተሃንና ኩማን ከዋርካው ሥር ሰበሰበቻቸው። ውሾቹ እስካሁን አልበሉም፤ ድምፃቸው ደክሟል።

«መጀመሪያ ራሴን የጠየቅሁት» አለች፣ «መርዙ የታሰበው ለማን ነበር የሚለውን ነው። አባባን ለመግደል የፈለገ ሰው ምሳ ዕቃቸው ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ትልቅ ድስት ሙሉ አይመርዝም። የታሰበው ለውሾቹ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ በስሕተት ነው የሞቱት» አሉ አቶ መክብብ ፈጠን ብለው።

«በስሕተት ነው። ስሕተቱ ግን የማን ነው? መርዙ ከእሁድ ጀምሮ እዚህ ግቢ ነበር። ሰኞ ድስት ተጥዷል፤ ማክሰኞም ተጥዷል። መርዙ ግን አልተነካም። የጨመረው ሰው አንድ ቀን ይጠብቅ ነበር። ረቡዕን። ለምን? ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ አባባ አይቀምሱም ብሎ ነው። ይህ ሰው ውሾቹን ሲገድል ሽማግሌውን ማትረፍ ይፈልግ ነበር።»

አስካለ አፏን በእጇ ያዘች።

«ነገር ግን አሁን ሃምሳዎቹ ቀናት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አስካለ ይህን ታውቃለች፤ ትናንት የሠራችው የሥጋ ወጥ ለዛሬ ምሳዋ ጓዳ ተቀምጧል። አቶ መክብብ እርስዎም ያውቃሉ፤ ጠረጴዛዎ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ አይቻለሁ። ሙንተሃ ደግሞ እንጀራዋ በጾም ስለሆነ ከቄስ አታንስም። ይህን የማያውቅ ከእናንተ መሐል አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ሬሳውን አይቶ "ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ" ያለው።»

ኩማ ራሱን ቀና አላደረገም።

«ሥራ የጀመርከው መቼ ነው?»

«ኅዳር ላይ።»

«ስለዚህ ይህ እዚህ ያየኸው የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። ካለፉት ሁለት ረቡዕ በአንዱ እንኳ ሲቀምሱ አላየሃቸውም?»

«ረቡዕ ጠዋት ወፍጮ ቤት ነኝ» አለ ኩማ። «በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ጾም የለም። አባባ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። "ረቡዕና ዓርብ አፌን አላስነካም" ብለውኛል። እኔ ይህችን ይዤ ነው። ልጄ ይሉኝ ነበር። እናቴ የታመመች ጊዜ ቱላ ድረስ በእግራቸው መጥተው ጠይቀዋታል። እኔ እንዴት አባባን…»

«መርዙን ማን ሰጠህ?»

ኩማ በአገጩ ወደ አቶ መክብብ አመለከተ። «እሁድ ቢሮ ጠሩኝ። "ቅዳሜ እነዚህን ቁስላሞች ባይ አንተም አብረሃቸው ትወጣለህ" አሉኝ። መድኃኒት ግዙልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ምግብ ጨምሩ አልኩ። ያቺን እግሯ የተቆረጠውን ቁስሏን አስሬ አስሬ ጨርቅ አለቀብኝ። ከሚራቡ ቶሎ ቢያልቁ ይሻላል ብዬ… እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

«ውሸት ነው!» አሉ አቶ መክብብ። «የአይጥ መርዝ ነው የገዛሁት። አስካለም ሰምታለች። አስካለ፣ ምን ነበር ያልኩሽ?»

አስካለ መሬት መሬት አየች። «የአይጥ ነው… ነበር ያሉኝ።»

«ይኸው! ደግሞስ፣ እሺ፣ ውሻ ግደል ብዬው ቢሆን? ሰው ግደል አላልኩም። የታመመ ውሻ ማስወገድ የት ሕግ ላይ ነው የተከለከለው? ይንገሩኝ፣ ኢንስፔክተር። እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

ጸሐይወርቅ ሞባይሏን አውጥታ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ለአለቃዋ ደወለች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን አሉ?» አለች ሙንተሃ።

«ድስቱ ውስጥ የጨመረውን አምጪ አሉ።»

«ያስጨመረውስ?»

«ማስረጃ የለም አሉ።»

ሙንተሃ ቅርጫቷን ረገጠችው። «እንዲህ ከሆነ ይህን ሁሉ ለምን አወቅሽው?»

ጸሐይወርቅ ካቴናዋን ከወገቧ አወጣች። ኩማ ሁለት እጆቹን ራሱ ዘረጋላት።

«ጥፋቴ ነው፤ ልታሰር። ግን ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ምንም አልበሉም። ድስቱን ደፍታችሁ፣ በደንብ አጥባችሁ… ማን ያበላቸዋል?»

«እኔ አበስላለሁ» አለች አስካለ።

«አሁን አንቺም ወደ ቤትሽ ግቢ» አሉ አቶ መክብብ። «እስከ ቅዳሜ እረፍት ነሽ።»

ኩማ በሰው መግደል ተከሶ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። አቶ መክብብ በችሎቱ የቀረቡት ምስክር ሆነው ነው። አባባ በሞቱበት ሳምንት ቅዳሜ ለጋሾቹ መጥተው ጥቂት ንጹሕ ውሾች አይተው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። የቀሩት ውሾች ዓርብ ዕለት በጭነት መኪና ተወስደው ነበር። ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ወዴት እንደተወሰዱ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ መልስ የሰጣት የለም።