ወደ ቀኝ የሚፈታው ደወል

ደወሉ የለም።

ጥበቃው መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም። ጎንበስ ብሎ ከብስክሌቱ ሥር ፈለገ። ከዚያ ሄዶ የሙዚየሙን በር ከረቸመው።

«ማንም እንዳይወጣ! ጠዋት እኔው ራሴ ወልውዬዋለሁ። ሰማያዊ ደወል፣ እዚህ መሪው ላይ ነበረ!»

በብስክሌት ሙዚየሙ ውስጥ የነበረው ጎብኚ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ሴት አያት፣ ሴት ልጃቸው፣ አማቻቸውና «ጩጬ» የሚሏት የልጅ ልጃቸው። አያትየው ደረጃውን ከሁሉም ኋላ ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። በር ሲዘጋ ዓይናቸው ወደ ጩጬ ሮጠ። የዚች ልጅ እጅ አያርፍም፤ ቤት ውስጥ ያልፈታታችው ዕቃ የለም።

«ነይ ወዲህ። ኪስሽን አሳዪኝ።»

«አያቴ ደግሞ! ከረሜላ ነው ያለኝ።»

እውነትም ከረሜላ ነው፣ ያውም የተላሰ። አያትየው እፎይ አሉ። ግን ጥበቃው የጠራት ፖሊስ ስትገባ እፎይታው ተነነ።

ፖሊሷ ወጣት ናት። ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም።

«በሩን ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔ» አለ ጥበቃው።

«እርስዎ ብቻ?»

«እኔ ብቻ።»

ወደ አማችየው ዞረች። የተሸከመው ቦርሳ ሕፃን ያስተኛል።

«ይከፈት።»

«ክፈቺው እህቴ። እኔ ብስክሌት መንዳት እንኳ አልችልም። ደወሉን ምን ላድርገው፣ ሻይ ልጠጣበት?»

ጃንጥላ፣ የጩጬ ሹራብ፣ ውኃ። ሌላ የለም። ማንም አልሳቀም።

ፖሊሷ ተመልሳ ጥበቃው ፊት ቆመች። «ይሄ በባዶ እጅ አይፈታም። መሣሪያ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ጣቢያ ድረስ እንሄዳለን።»

ሰውየው ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«የኔ እህት፣ እሱን ደወል መፍታት ብችል ኖሮ ድሮ ፈትቼ ውስጡን በጠረግኩት። ቀለም የቀቡት ልጆች ታግለው ታግለው ነው የተዉት። ብሎኑ ጉደኛ ነው። ልፍታህ ሲሉት ይብሱን ይጠብቃል!»

የአያትየው እጅ ጉልበታቸው ላይ ቀጥ አለ።

እንዲህ ያለ ብሎን አንድ ብቻ ያውቃሉ። ሟቹ ባላቸው ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ይሠሩ ነበር። ደወላቸው ገበያ ላይ አንዴ ከተሰረቀባቸው በኋላ ጥርሱ የተገለበጠ ብሎን በእጃቸው ሠሩ፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት የሚጠብቅ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት በጣት የሚፈታ። «ሌባ ይፈታው መስሎት ያጠብቅልኛል» እያሉ ይስቁ ነበር። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ደጅ ላይ ሆነው ደወሉን አንዴ ያቃጭላሉ፤ አያትየው ሄደው በር ይከፍቱላቸዋል።

አያትየው ተነሥተው ወደ ብስክሌቱ ቀረቡ። ቀይ ቀለም፣ አዲስ ኮርቻ። ደወሉ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ቀዩ ቀለም ያልደረሰበት ቀለበት ቀርቷል። ጥቁር።

የእሳቸው ብስክሌት ጥቁር ነበር። ካቻምና ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ከኮሪደራቸው ጠፍቶ ጠበቃቸው።

የብሎኑን ነገር የሚያውቁት ሦስት ናቸው። አንዱ አፈር ለብሷል። አንዷ እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛዋ ጠዋት «ራሴን አሞኛል፣ ሌላ ቀን ይሁን» ስትል ነበር። እዚህ ሲደርሱ ግን እናቷን ደረጃው ሥር ትታ ሮጣ የወጣችው እሷ ናት።

ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? የሆዳቸው ፍሬ ናት። አያትየው የጥበቃውን ቆብ አዩ። ጠርዙ በጭንቀት ተጨማዷል።

«ቆይ ልጄ» አሉ ፖሊሷን። «ሰውየውን ተዪው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አውጪው።»

«ምኑን እማ?»

«አባትሽ ወደ ቀኝ ማዞር ያስተማረሽን።»

ልጅቱ ከካፖርቷ ውስጥ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ውስጡ ቅጭል አለ።

«እንዳታውቂው ብዬ ነው። ቀለሙ ተቀይሯል፤ ደወሉን ካላየሽ ታልፊዋለሽ ብዬ።»

«ካቻምና የገባብኝ ሌባ አንቺ ነሻ?»

«አልሸጥኩትም እማ፤ ለዚህ ቤት ሰጠሁት። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠሽ ታወሪው ነበር። እኛ ጋ ነይ ስልሽ ‹እሱን ለማን ትቼ› ትያለሽ። ከሌለ ትመጫለሽ ብዬ።»

«መጣሁ?»

«አልመጣሽም።»

«ሌባ ለመደኝ ብዬ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠምኩ። ቁልፉን ገዝተሽ ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ስባንን፣ ‹አይዞሽ እማ› ያልሽኝም አንቺ።»

አማችየው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ ደግሞ እማማ ትንሽ ይናፈሱ ብዬ እዚህ...» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ጥበቃው ቆቡን መልሶ ደፋ። ፖሊሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናቴ፣ ንብረቱ የእርስዎ ነው። ካሉ ያስመልሱታል።»

አያትየው ኮሪደራቸውን አሰቡ። ጎማው ግድግዳው ላይ የተወው ጥቁር ጭረት እስካሁን አለ። በዚያ ኮሪደር የሚያልፈው ቆጣሪ አንባቢው ነው። ልጃቸውም ሲመቻት።

«ይቅር» አሉ። «እዚህ ቢያንስ ሰው ይመጣለታል።»

ደወሉን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ቦታው መለሱት። ብሎኑን ወደ ግራ አዞሩ፣ እንደገና አዞሩ፣ ጣታቸው እስኪያማቸው አጠበቁት። ከዚያ አንዴ ተጫኑት።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የአያትየው እግር ከልማዱ ወደ በሩ ተራመደ።

በሩ እንደተከረቸመ ነው። አያትየው ክፍሉ መሐል ላይ ቆሙ።