ልጄ ሳይጨርሰው የሄደው በር

ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፈው። እኔው ቤት፣ እኔው ፊት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን ወላሂ አንድም አልጨመርኩበትም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ድሬ ሱቋን ዘግታ፣ ባለባጃጁ ሳይቀር ጥላ ፈልጎ የሚጋደምበት የሙቀት ሰዓት። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው።

እኔና የልጅ ልጄ ኢዲል ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። አዬዮ ነው የምትለኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው። አባቷ ዐብዱልዓዚዝ ልጄ ነበር። አምና ሞተብኝ። ሥራው የብረት በር ንድፍ ማውጣት ነበር፤ እሱ በኮምፒውተር ይስላል፣ ማሽኑ ብረቱን ይቆርጣል።

የመጨረሻው የበር ንድፉ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ቀርቷል። የኢዲል ስልክ ግን አልከፍትም አለ።

"አዬዮ፣ ይሄ እንደ ፎቶ አይደለም እኮ። የማሽን ፋይል ነው። መቀየሪያ አፕ ይፈልጋል።"

"አውርጂዋ!"

"አቦ ሙቀቱ ይብረድ፣ ትንሽ ልተኛ።"

"የአባትሽን የእጅ ሥራ ሳላይ ልሙት?"

ምነው ዝም ባልኩ... ምነው በተኛች...

አንዱን አፕ ሞከረች፣ እምቢ። ሌላውም እምቢ። በስንት መከራ አንዱ ከፈተው።

ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ብቻ። ሐረግ፣ ቅጠል፣ ከላይ ሁለት ወፎች። ወፎቹ ዓይን የላቸውም። ልጄ እንዲህ ነበር። "ሩሕ ያለው፣ ነፍስ ያለው ነገር ስስል ዓይን አላደርግለትም እማ፤ መጨረሱ የእኔ ድርሻ አይደለም" ይለኝ ነበር።

እኔ አለቀስኩ። ኢዲል በሁለት ጣቷ ማጉላቷን ቀጠለች።

"አየሽ፣ ሲያጎሉት አይደበዝዝም። መስመር ስለሆነ እስከፈለግሽው ድረስ ትገቢያለሽ።"

የበሩ ቁልፍ ማስገቢያ ውስጥ አንዲት ነጥብ ነበረች።

አጎላቻት... ነጥብ አይደለችም።

ክፍል ናት።

ክፍሉ ውስጥ ባለ መስመር ምንጣፍ። ምንጣፉ ላይ አንዲት አሮጊትና አንዲት ወጣት፣ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል።

"አዬዮ..." ድምጿ ወረደ። "ይሄ ምንጣፍ የእኛ ነው።"

ያንን ምንጣፍ ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ልጄ ከሞተ በኋላ።

"ዝጊው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። የወጣቷ ፊት ልሙጥ ነው። ዓይን የላትም። የእኔ ኢዲል፣ ዓይነ ስውር ሆና! ሟርት መሰለኝ። ሆዴ አልቻለም።

"ዓይን አድርጊላት።"

"አባ አይወድም ነበር እኮ።"

"አድርጊላት አልኩሽ!"

"ላንቺስ? አንቺም የለሽም።"

"እኔን ተዪኝ፣ ያየሁት ይበቃኛል።"

ሁለት ነጥብ አስቀመጠች። ከዚያ ስልኳ ላይ እንዲቀመጥ ወደ ፎቶ ቀየረችው። ጠብቁ የምትለው ክብ ዞረች... ዞረች... ቆመች።

አሁን ስታጎላው ሁሉም ደበዘዘ። ሐረጉም፣ ምንጣፉም፣ እኔም።

ሁለቱ ዓይኖች ብቻ አልደበዘዙም።

ቀጥ ብለው እኔን ያያሉ።

"አዬዮ?"

"ወይ።"

"መስኮቱ የት ሄደ?"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነው። እጄን ፊቷ ላይ አወዛወዝኩ... ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተርገበገበም።

"ቢስሚላህ! ኢዲል፣ አታይኝም?"

"አንቺን አላይሽም። ሁሉም ነጭ ነው... መስመር ብቻ።"

ስልኩን ነጠቅኳት። ነጥቦቹን ላጥፋ አልኩ፣ አልጠፋ አሉኝ። የመጀመሪያውን ፋይል ፈለግኩ። ሚሞሪው ባዶ ነው ይላል።

"ተዪው አዬዮ" አለች በሹክሹክታ። "በሩ እየተከፈተ ነው።"

"የቱ በር?"

"አባ ነው... ዓይን የለውም። ስሜን እየጠራ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይመጣል።"

"አትመልሺለት! ዝም በይ!"

"እኔን ነው የሚፈልገው።"

እኔ ነኝ... ዓይን አድርጊላት ያልኩት እኔ ነኝ። ከክፉ እጠብቃታለሁ ብዬ፣ ልጄ አውቆ የተወውን እኔ አስጨረስኩት።

ከኋላዋ አቀፍኳት። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ያዝኳት።

እሷ ግን ቀኝ እጇን ወደ ባዶው ግድግዳ ዘረጋች።

ጣቶቿ አየር ላይ ቆዩ... ከዚያ ሰው ጠበቅ አድርጎ እንደጨበጣቸው አንድ ላይ ተጣበቁ። ጫፋቸው ነጣ።

ክንዷም ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተጎተተ።