«ዋሻ» የተሰኘው ዘፈን

ዘፋኙ አምባቸው የሞተው ማይክሮፎኑን እንደጨበጠ ነው። ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው የኪነት አዳራሽ ሲደርስ ሬሳው ሸራ ጫማውን እንዳደረገ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሟል። ቢያዝን አልደነገጠም። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ዘመን፣ ሬሳ ማንን ያስደነግጥ ነበር?

«ጠዋት ሁላችንም በዚሁ ማይክሮፎን ሞክረናል፤ ኤሌክትሪኩ ማንንም አልነካም» አለ ከበሮ መቺው ሳሊህ።

ቢያዝን እግራቸውን አየ። ሁሉም ባለ ጎማ ሸራ ጫማ ተጫምተዋል።

«ምን ሊዘፍን ነበር?»

«‹ዋሻ›ን። በጣሊያን ጊዜ ስላሳለፈው ልጅነት ነው» አለች ኦርጋን ተጫዋቿ ጽጌ። «ግጥሙን ገና አላሰማንም። ጊታሩን በእግር ፔዳል እንደ ሕፃን ያስለቅሰዋል፣ ያስለቅሰዋል፣ ከዚያ እፍን! ያስፈራኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ‹ያኔ ባዶ እግሬን ነበርሁ› ብሎ ጫማውን አወለቀ። ወይኔ ጉዴ፣ እኛ ሣቅንበት!»

«ታዲያ ጫማውን መልሶ ማን አደረገለት?»

«እኔ ነኝ። ወንድሙ እንደዚያ ሆኖ እንዳያየው ብዬ።»

ወንድሙ ክንዱ የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከጄኔሬተሩ ቤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሽቦው አርጅቷል፤ ለውጡ ብል ማን ሰምቶኝ!» አለ ክንዱ። «ቢሆንም በባዶ እግሩ ባይቆም ኖሮ አይሞትም ነበር።»

ቢያዝን ማይክሮፎኑን ይፈታ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበ። እናትየው እማማ የብርጓልም መጡ።

«ሽቦው አላረጀም» አለ ቢያዝን። «ተልጦ ከማይክሮፎኑ ብረት ጋር በአዲስ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ታስሯል። ጎማ የተጫማ አይሞትም፤ ባዶ እግሩን የቆመ ግን አይተርፍም። ገዳዩ አምባቸው ጫማውን እንደሚያወልቅ ያውቃል። ሳሊህና ጽጌ አያውቁም ነበር፤ ሣቁበት። ክንዱ፣ አንተ ስትመጣ ጫማው እግሩ ላይ ነው። ባዶ እግሩን መቆሙን ማን ነገረህ?»

ክንዱ ወደ ሳሊህና ጽጌ ዞረ። ሁለቱም «እኛ አልነገርነውም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቤት ዘፍኖልኛል» አለ ክንዱ፣ እናቱ መኖራቸውን ረስቶ የሰው ወሬ እንደሚያወራ። «ጫማውን አውልቆ። ጣሊያኖቹ በተደበቅንበት ዋሻ አፍ ሲያልፉ ትንሿ እህታችን አለቀሰች። አፏን ያፈንሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ ነበርሁ። እናቴ ልጅቷ በትኩሳት የሞተች ነው የሚመስላት። እሱ በሬዲዮ ሊያሰማት! እሷ እስክታልፍ ቆይ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አለ።»

እማማ የብርጓል ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«አይ ልጄ! ያኔ እኮ አጠገብህ ነበርሁ፤ አይቼ ነው ዝም ያልሁህ። ለአምባቸውም የነገርሁት እኔ ነኝ፤ እሱማ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፣ ምኑን ያስታውሳል? ዝፈንለት፣ ትንሽ ይቅለለው ብዬ ነው።»