ከእንየው ሬሳ አጠገብ የተገኘው ቀለህ

ነጋዴው እንየው ከሚሴ ገበያ ዳር ባለው የእህል መጋዘኑ ውስጥ ደረቱን በጥይት ተመትቶ ሞቶ በተገኘ ማግስት፣ ኑርሁሴን በመጋዘኑ ግቢ ጥግ መስኮት በሌላት ክፍል ተቆልፎበት ነበር። ሥራው ባዶ ቀለህ በባሩድና በእርሳስ እየሞላ መልሶ ጥይት ማድረግ ነው። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ለውጅግራ ጠመንጃ አዲስ ጥይት የሚያመጣ ስለሌለ፣ እንየው በጨፋ መንደሮች እየዞረ ከየባለቤቱ ቀለህ ይለቅም፣ ኑርሁሴንም ይሞላ ነበር። ከሬሳው አጠገብ የውጅግራ ቀለህ ወድቆ ሲገኝ ታዲያ አገሬው ጣቱን በማን ላይ ይቀስር? ያውም ሁለቱ በሮቢት ገበያ መሐል ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ነገ ደሴ ይወሰዳል፤ ከደሴ ወዲያ ያለው መሰቀያው ነው።

በሩን የሚጠብቀው የነጭ ለባሾቹ አለቃ ባላምባራስ ሣህሌ ነበር። «እመንና ይቅለልህ» ይለዋል በበሩ ቀዳዳ።

ረፋድ ላይ መርማሪው መቶ አለቃ ባንተይርጋ ከደሴ ደርሶ በሩን አስከፈተ።

«አካም ቡልቴ፣ ኑርሁሴን? እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ወላሂ አልገደልኩም፣ ጌታዬ!»

«እሱን እንደርስበታለን። ቀለሁን አሳይተውሃል?»

«ማን ያሳየኛል!»

መቶ አለቃው ሰጠው። ኑርሁሴን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አፉን አየ።

«ተሰንጥቋል እኮ! እንዲህ ያለው አይሞላም። ጠርዙ ላይ፣ ይኸው፣ የየባለቤቱን ምልክት በሞረድ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ቀለሄን ሰረቀኝ እንዳይል።»

«ይኸኛው የማን ነው?»

ኑርሁሴን ወደ በሩ አየና አንገቱን ደፋ። ቢናገር ሌሊቱን የሚያድረው በማን እጅ ነው?

መቶ አለቃው አልጨቀጨቀውም፤ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ማንአልሞሽ ሄደ።

«ባልሽ የተቀያየመው ሰው ነበር?»

«የመንግሥት ጥይት ለሽፍታ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ፣ አጋልጠዋለሁ ይል ነበር። ስሙን ግን ደበቀኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«የዚህን ቀለህ ውስጡን እዩ» አለ። «አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነው፤ አዲስ ጥላሸት የለውም። ስለዚህ እንየው የተገደለው በዚህ አይደለም። ገዳዩ ኑርሁሴንን ሊያስጠረጥር አምጥቶ ጣለው። ደህናውን ለመጣል ግን አንጀቱ አልቻለም፤ የማይረባውን ጥሎ የተኮሰውን ይዞ ሄደ። የቀለሁን ባለቤት ስጠይቀው ኑርሁሴን አልመለሰልኝም፤ ያየው ግን በሩን ነው። በሩ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት፣ ባላምባራስ። የመንግሥቱን ጥይት የሚያድሉትም እርስዎ። እስቲ ዝናርዎን ይፍቱ።»

ሣህሌ እየሳቀ ፈታ። ከጥይቶቹ መሐል አንድ ባዶ ቀለህ ወጣ፤ መቶ አለቃው አሸተተው፤ ገና ባሩድ ባሩድ ይላል።

«ይህንንስ ለምን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ አልጣሉትም?»

«ደህና ቀለህ ይጣላል እንዴ?» አለ ሣህሌ ሳያስበው።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ የገዛ ሰዎቹ ጠመንጃውን ተቀበሉት።

«በል ኑርሁሴን፣ ቤትህ ግባ» አለ መቶ አለቃው።

ኑርሁሴን ከመሄዱ በፊት ማንአልሞሽ ከዝናሩ የወጣውን ባዶ ቀለህ አንሥታ ዘረጋችለት። ስታለቅስ ስላደረች ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ይችን ማን ሞላት?»

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ኑርሁሴን ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

«እኔ ነኝ፣ እቴ» አላት።