«ሱከሪ» በተባለ ጊዜ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት እንደ ገባ፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጋላባት ያለው ቆላ ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ ጥቁሩ አፈር የሰው እግር በሚውጥ ስንጥቅ ተከፋፍቶ፣ የሰሊጡ እርሻ የመጀመሪያዋን ዝናብ ይጠብቃል፤ ትራክተሮቹም በየኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ሥራ ፈትተው ቆመዋል። በካርቱም የተነሣውን ጦርነት ሸሽቶ የሚመጣው ሕዝብ ግን ዝናብም ጥላም ሳይጠብቅ፣ ሁለቱን ከተሞች የሚለየውን ደረቅ ወንዝ፣ ኾሩን፣ እየተሻገረ ይጎርፍ ነበር፤ ትናንት ባለ ሱቅ የነበረውም፣ ትናንት ባለ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጭነት ያወርድ የነበረውም አንድ ዓይነት አቧራ ለብሰው፣ አንዱን ካንዱ መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር።

ከኬላው ወዲህ በተተከለው የሕክምና ድንኳን ውስጥ የምትሠራው ነርስ ሲስተር ስርጉት ትባላለች፤ የጋይንት ልጅ ናት፤ ቆላ ከወረደች ገና ወር አልሞላትም፤ ምላሷ ግን ከቆላው ፀሐይ ይልቅ ይለበልብ ነበር። የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አሥራ ትይዘዋለች፤ ሲበዛ ትኮራበታለች። በሣጥኑ ውስጥ የቆመ ልብ የሚቀሰቅሰው አድሬናሊን፣ የታፈነ ሳንባ የሚከፍተው ሃይድሮኮርቲዞን፣ የሚንቀጠቀጥን ሰውነት የሚያረጋጋው ዲያዜፓም፣ በደም ሥር የሚሰጠው አርባ በመቶ ግሉኮስ በየማኖሪያቸው ተደርድረዋል። ሣጥኑ ነፍስ በመውጣትና በመመለስ መካከል ስትንጠለጠል ብቻ እንዲከፈት ትእዛዝ አለ፤ ደግሞም ጠንካራ ትእዛዝ ነበር።

ግሉኮሱ ላይ ብቻ እጇ ላላ ብሎ ነበር። የኬላው ጠባቂዎች ፀሐይ ሲያዝላቸው፣ «ሲስተር፣ እስቲ ከዚያች ከጉልበቷ» እያሉ ይለምኗታል፤ በቆላው እርሻ ሁሉ፣ ከአብደራፊ እስከ ገለጉ፣ የደከመው ሁሉ ጉልበት የሚሻው ከግሉኮስ ነውና። እርሷም፣ «ስኳር አይደል፣ ምን ያመጣል!» እያለች የአምፑሉን አንገት ትሰብርና በውኃ በጥብጣ ታጠጣቸው ነበር።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ባየልኝ የተባለው ሚሊሻ የድንኳኑን ሸራ ገልጦ ገባ፤ እርሱም የደጋ ሰው ነው፤ ለኬላው አዲስ፣ ለቀልድ ግን አሮጌ።

«ሲስተር፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ሰካራም ገጥሞናል።»

«እና እኔ የጠጅ ቤት አሳላፊ መሰልሁህ?»

«ይኼስ የባሰ ነው፤ ጢሙ ወተት የመሰለ ሽማግሌ! ከኬላው ጠባቂዎች አንዱን ልጅ በጥፊ አጮለው። ሴት ልጁ ራሷ ‹ሰካሪ፣ ሰካሪ› እያለች ታለቅሳለች፤ ውርደቱ ነው መሰለኝ።»

«እንደ ትናንቱ ጥላ ሥር አስተኙት፤ ያልፍለታል።»

«ይኼኛው አልተኛ ብሎ ነው እንጂ።»

እርሱ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሽማግሌውን ሁለት እጆቹን በሻሽ አሥረው አስገቡት፤ ሷሊህ ይባላል፤ ነጭ ጀለቢያው በላብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ዓይኑ ሰውን ያያል፣ ሰውን አያውቅም። አልጋው ላይ ሲያጋድሙት ጥርሱን ነከሰ፤ ሰውነቱም ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ስርጉት ቁልፉን ከአንገቷ ሳብ አድርጋ ሣጥኑን ከፈተች፤ ዲያዜፓሙን አነሣች፤ የአምፑሉን አንገት ሰብራ በሲሪንጅ ሳበች። ሴት ልጁ ኢሕሳን ግን የስርጉት እግር ላይ ወድቃ ጮኸች፦

«አቡይ! ሱከሪ! ሱከሪ!»

«ሰማሽልኝ?» አለ ባየልኝ፤ «የገዛ ልጁ ትመሰክራለች።»

«የምን ምስክር ነው የምታወራው አንተ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የመተማዋ ነጋዴ ወይዘሮ ኩብራ ናቸው፤ ለስደተኛው ውኃ በጀሪካን አስጭነው መምጣታቸው ነበር። «ጆሮህ ተደፍኗል? ሱከሪ የስኳር በሽታ ነው! የሶላት ሰው ሽማግሌ አሥራችሁ ሰከረ ትላላችሁ?»

የስርጉት እጅ በአየር ላይ ቀረ። ወደ ሽማግሌው አፍ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ አረቂ አይሸትም። ግንባሩን ዳሰሰች፤ በዚያ ሁሉ ሐሩር የሰውዬው ላብ ቀዝቃዛ ነበር። ይህን ሁሉ ገና ሲገባ ማድረግ ትችል ነበር፤ አላደረገችም፤ «ሰካራም» የምትለው ቃል ቀድማ ገብታ ዓይኗንም አፍንጫዋንም ዘግታባት ነበርና።

«ይጠይቁልኝ፣ እትዬ ኩብራ፤ የስኳር መርፌ ወግተውታል?»

ኩብራ በአረብኛ ጠየቁ፤ ልጂቱ እየተንሰቀሰቀች መለሰች።

«ኢብራውን፣ መርፌውን፣ ዛሬ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወግታዋለች። እህል ግን ከትናንት ወዲህ አልቀመሰም። በመንገድ ስኳሩ እንዳይነሣበት ፈርታ ነው።»

ስርጉት ዲያዜፓሙን ወደ ጎን ጣለችው። የስኳር መለኪያ ስትሪፑ ካለቀ ሰንብቷል፤ የሚመሰክርላት አንዳች መሣሪያ የለም። እጇን ወደ ግሉኮሱ ማኖሪያ ሰደደች፤ ጣቷም ባዶ ቦታ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ጥጉ ላይ አንዲት አምፑል ብቻ ቀርታለች። ቀና ስትል ከባየልኝ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ባየልኝ ሳያውቀው፣ ግሉኮሱ ሲወርድበት የሰነበተውን ጉሮሮውን ይዞ ነበር።

አምፑሏን ስትሰብር ኢሕሳን ጽሑፏን አነበበች፤ ተወርውራም የስርጉትን እጅ ያዘች፦ «ላ! ላ! ግሉኮስ ላ!»

«ልጄ፣» አሉ ኩብራ፤ ፊታቸው ተለዋውጦ፣ «ይኼስ ለእኔም አልገባኝ። ስኳር ለፈጀው ሰው ስኳር?»

«የወጋችው መርፌ ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ሁሉ ጠራርጎበታል፤ አንጎሉ ተርቦ ነው የሚማታው። እንዲህ ብለው ይንገሯት።»

«ተሳስተሽ እንደሆነስ?»

«ከተሳሳትሁ እዚሁ አለሁ፤ አልሸሽም። ዝም ብዬ ካየሁት ግን ሟች ነው።»

ኩብራ የስርጉትን ፊት አንድ ጊዜ መረመሩ፤ ከዚያም ልጂቱን ወደ ደረታቸው ስበው አቀፏትና፣ «ቢስሚላህ፤ ወጊው» አሉ። ባየልኝ የሽማግሌውን ክንድ በጉልበቱ ደግፎ ያዘ። የመጀመሪያው መርፌ የደም ሥሩን ሳተ። ሁለተኛው ገባ። ስርጉት የቀረችውን አንዲት ጉልበት ቀስ አድርጋ፣ ጠብታዋን እየሳሳች ገፋችው።

ኢሕሳን ከኩብራ ደረት ቀና ብላ የአባቷን ፊት ታይ ጀመር።

መንዘፍዘፉ ቆመ፤ የሽማግሌው ዓይን ዞሮ ዞሮ ልጁ ላይ ዐረፈ። የታሠሩ እጆቹን አየ፤ በደከመ ድምፅም አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አሉ?»

«‹ምን አጠፋሁ?› ነው የሚለው፤» አሉ ኩብራ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ስርጉት ሻሹን በመቀስ ቆረጠችው። ኢሕሳን የአባቷን እጅ ትስማለች፤ ኩብራ ከቦርሳቸው ጣፋጭ የሰሊጥ ሐላዋ አውጥተው በትንሽ በትንሹ ያጎርሱታል፤ ደስታ እንደ ሰርግ ቤት ድንኳኑን ሞላው። ሁልጊዜ የሚስቀው ባየልኝ ብቻ አልሳቀም። ምሰሶውን ተደግፎ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሲስተር... የትናንቱ ሰውዬ ሚስትም ስታለቅስ ነበር።»

«ምን እያለች?»

«እንደዚችው። ሱከሪ እያለች።»

«ታዲያ ሰውዬው የት ሄደ?»

ባየልኝ ዓይኑን በድንኳኑ በር ወደ ኒሙ ሰደደ። የመለሱት ኩብራ ናቸው፤ የያዙት ሐላዋ ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ ኒሙ ሥር ያደረው? ሙቀት ገደለው ብላችሁ ማለዳ ከፈን ያስወጣችሁኝ?»

ስርጉት ተቀመጠች። ማለዳ ሬሳ ሲያልፍ በድንኳኑ በር አይታ፣ «ነፍስ ይማር» ብላ አማትባለች። ትናንትም ጥላ ሥር አስተኙት ያለችው እርሷ ናት፤ ያን ቀን ሣጥኑ ውስጥ የሚያድነው አልጠፋም ነበር፤ ለጠባቂዎቹ በጥብጣ ያጠጣችውም በዚያው ሰዓት ነው። የሟቹ ሚስት፣ ባሏን ሙቀት እንደ ገደለው አምና፣ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር መንገድ ከሄደች ውላለች።

«ተነሥ፤» አለችው ባየልኝን፤ ድምፅዋ የእርሷ አይመስልም ነበር። «ኾሩ ድረስ ውረድ። ‹ሱከሪ ያለበት አለ?› እያልህ ጥራ።»

ባየልኝ ጠመንጃውን ድንኳኑ ጥግ አስደግፎ ወጣ። በዚያ በሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ሲቀልድባት የዋለባትን ቃል እየጮኸ ይሄድ ጀመር፦ «ሱከሪ! ሱከሪ አለ?» መጀመሪያ አንድ እጅ ተነሣ። ከዚያ ከጋሪው ላይ ሌላ። ከዚያ ከኬላው አጥር ሥር ብዙ እጅ።

በስርጉት ሣጥን ውስጥ አንድም ግሉኮስ አልቀረም ነበር። ኩብራ ወደ ሱቃቸው ገሠገሡ፤ ሲመለሱ የስኳር ጆንያ በጋሪ አስጭነው ነበር፤ እስከ ምሽትም መርፌ ወግቶ እህል ካልቀመሰው መካከል ነፍሱን የሚያውቀውን ሁሉ በየኩባያው እየበጠበጡ አጠጡ፤ ነፍሱን ላላወቀው ግን ኩባያ አይሆነውም፤ ስርጉትም አዲስ አምፑል ከከተማው እስኪመጣ ድረስ በሰዉ መካከል ግንባር እየዳሰሰች አመሸች።

የዚያ ዘመን ታሪክ የጦር አለቆቹን ስም አልረሳም፤ የወደቁትን ከተሞችና የተሻገረውን ሕዝብ ብዛትም አኑሯል። በመተማ ኒም ሥር አንድ ሰው በአንዲት ቃል መሞቱን ግን የሚናገር የለም፤ መቃብሩ ላይ ስም የለም፤ ሚስቱም እስከ ዛሬ የምትረግመው ፀሐይን ነው።